የጋውር ሐበሾችን በመሬት መዝገብ መፈለግ፦ ከማልዳ እስከ ዴልሂ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዴልሂ ውስጥ የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቤንጋል ላይ ሐበሾች ነግሠው እንደነበር አነበብኩ። ከእነሱ አንዱ አሠራው የሚባለው ፊሮዝ ሚናር ዛሬም ማልዳ አውራጃ፣ ጋውር ውስጥ ቆሟል አሉኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቦታውን አይቼ፣ መሬቱ ድሮ የማን እንደነበርና ዛሬ በማን ስም እንደተመዘገበ ማወቅ እፈልጋለሁ። የሐበሾቹ ስም መዝገብ ላይ ይገኝ ይሆን? ሂንዲ በሚነገርባቸው ክልሎችስ የሚፈለግ ነገር አለ?

መልስ፦

እህቴ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የንጉሥ ስም ይዘሽ ማልዳ የመሬት ቢሮ ብትገቢ ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ። እዚያ መዝገቡ የሚከፈተው በቦታ ነው፤ የሰው ስም በኋላ ነው የሚመጣው። ወረቀቱም ቢሆን ማልዳን በየቁራሹ ለይቶ የሚያሳይሽ ከ20ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። ሚናሩ ደግሞ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። በመሃል ያለውን ክፍተት የሚሞሉት የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ የግብር ደብተርና የሃይማኖት ርስት ፋይሎች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ ሰዎቹ ባጭሩ። ከ1459 እስከ 1474 የገዛው ሱልጣን ሩክኑዲን ባርባክ ሻህ ብዙ ሐበሾችን በጦሩና በቤተ መንግሥቱ አሰለፈ። ዜና መዋዕሎቹ 8,000 ይላሉ፤ እኔ እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር ብዙም አላምንም። የመጡት በባርነት ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ባሪያ ወታደር ተነሥቶ ሹም መሆኑ የተለመደ ነበር። በ1487 ሱልጣን ጃላሉዲን ፈትህ ሻህ በገዛ ጠባቂዎቹ አለቃ ተገደለ። ገዳዩም ብዙ አልቆየ። ማሊክ አንዲል የተባለ ሐበሻ የጦር አዛዥ ገደለውና ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ተብሎ ነገሠ። ሚናሩን አሠራ የሚባለው እሱ ነው። ቀጥሎ አንድ ማሕሙድ ሻህ ለአጭር ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ሻምሱዲን ሙዛፈር ሻህ መጣ። በ1493 ገደማ የገዛ ዋና ሹሙ ጣለውና አላውዲን ሁሴን ሻህ ተብሎ ዙፋኑን ያዘ፤ ሐበሾቹንም ከአገር አባረረ። ነገሩ ሁሉ ሰባት ዓመት ቢሞላ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ርስት መትከል ከባድ ነው። ስለዚህ የዘር ሐረግ ተከትለሽ መሬት አትፈልጊ።

ስለ ፊሩዝ ሻህ የሚነገር አንድ ወሬ አለ፤ ማልዳ ስትሄጂ መስማትሽ አይቀርም። ለድሆች 100,000 ሩፒ እንዲሰጥ አዘዘ አሉ። ሹማምንቱ ብሩ መብዛቱን በዓይኑ አይቶ እንዲጸጸት ብለው ወለል ላይ ከመሩለት። እሱም አየና «ይህማ ምን ትደርሳለች፣ እጥፍ አድርጉት» አለ። ወሬው ደስ ይላል። ነገር ግን ወሬውን የያዘው የታወቀ ጽሑፍ ማልዳ ውስጥ የተጻፈው በ1788 ነው፤ ከንጉሡ 300 ዓመት በኋላ። ጽሑፍሽ ውስጥ ስታስገቢው ይህን አትርሺ።

አሁን ወደ ቦታው። የቤንጋል ጥንታዊ ዋና ከተማ የነበረችው ጋውር ከማልዳ ከተማ በስተደቡብ፣ ኢንግሊሽ ባዛር በሚባለው ወረዳ ውስጥ ነው። ሚናሩ ባለ አምስት እርከን የጡብ ግንብ ነው። ቁመቱ 26 ሜትር ገደማ ይሆናል። የታችኞቹ ሦስት እርከኖች ባለ 12 ማዕዘን ናቸው፣ የላይኞቹ ሁለት ክብ። ውስጡ 73 ደረጃ ያለው ጠመዝማዛ መውጫ አለው። የአካባቢው ሰው ግን ሁልጊዜ ፊሮዝ ሚናር አይለውም። ፒር አሻ ማንዲር ወይም ቺራግዳኒ የሚሉትም አሉ። ሽማግሌ ስትጠይቂ ሦስቱንም ስሞች ጥሪ። ወረቀት ላይ ደግሞ አራተኛ ስም ሊጠብቅሽ ይችላል።

ጋውር በ1575 በወረርሽኝ ተመታች። የሙጋል ሥርወ መንግሥት አገረ ገዥ ሙኒም ካን ራሱ በዚያው ሞተ። የጋንጅስ ወንዝም ቀስ በቀስ እየራቃት ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግረን የታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን የግብር ሰነድ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን የቤንጋል የገቢ ደብተር ውስጥ «ቂማት ኺሽት ጋውር» የሚል መስመር አለ፤ የጋውር ጡብ ዋጋ ማለት ነው። በዓመት 8,000 ሩፒ። የሚከፍሉት በዙሪያው ያሉ ጥቂት ባለርስቶች ነበሩ። በምትኩ የጥንቷን ከተማ እያፈረሱ ጡቧን የመውሰድ መብት ለብቻቸው ያገኙ ነበር። እስኪ አስቢው፤ ቅርሱን ማፍረስ ራሱ ግብር የሚከፈልበት ይዞታ ነበር! የጋውር ጡብ ያኔ በየአቅጣጫው ሄዷል። የማልዳም የሙርሺዳባድም ሕንፃዎች ውስጥ ገብቷል። መምህርሽ «የመሬት መዝገብና ቅርስ ምን አገናኛቸው?» ቢሉሽ ይህን መስመር አሳያቸው። በእኔ ግምት ምዕራፍሽን ከሚናሩ ይልቅ ከዚህ ብትጀምሪው ይጠነክራል።

ታዲያ መንግሥት የጡቡን ዋጋ እንኳ ጽፎ ሲይዝ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የማን እንደሆነ ለምን አልጻፈም? ምክንያቱ በ1793 የመጣው ቋሚ የግብር ሥርዓት ነው። እንግሊዛዊው አገረ ገዥ ሎርድ ኮርንዋሊስ ለየዛሚንዳሩ፣ ማለትም ከጭሰኞች ሰብስቦ ለመንግሥት ለሚገብረው ባለርስት፣ የማይለወጥ ግብር ቆረጠለት። መንግሥት ማወቅ የፈለገው የርስቱን ስም፣ የዛሚንዳሩን ስምና በዓመት የሚገባውን ገንዘብ ብቻ ነው። ውስጥ ማን እንደሚያርስ፣ የት ኩሬ እንዳለ፣ የት የፈረሰ መስጊድ እንዳለ የዛሚንዳሩ ጉዳይ ነበር። ስለዚህ በቤንጋል የመንደር ካርታና የባለይዞታ ዝርዝር ዘገየ። መንገዱ የተከፈተው የ1885ቱ የጭሰኞች ሕግ ሲወጣ ነው። ከ1888 እስከ 1940 ድረስ አውራጃ በአውራጃ ተለካ። ይህ ሲ.ኤስ. (ካዳስትራል ሰርቬይ፣ በየቁራሹ የሚደረግ የመሬት ልኬት) የሚባለው ቅየሳ ነው፤ እዚያ ያለ ጠበቃ ሁሉ አፉ ላይ ያለ ቃል ነው። የማልዳ ተራ የደረሰው ከ1928 እስከ 1935 ነው። ካርታው በማይል 16 ኢንች ስለሆነ ኩሬውም ጓሮውም የመቃብር ቦታውም ለየብቻው ቁጥር አለው።

ስለዚህ መነሻሽ ይህ ካርታ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሞውዛውን ታገኛለሽ። ሞውዛ የግብር መንደር ነው፤ ሰው ከሚኖርበት መንደር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። አንድ ስም ያላቸው ሞውዛዎች ስለሚበዙ እያንዳንዱ ጄ.ኤል. የሚባል ቁጥር አለው። ያለዚያ ቁጥር ማንም አያናግርሽም። ከሞውዛው ውስጥ ዳግ የሚባለውን የቁራሹን ቁጥር ታወጫለሽ። ዳጉ ደግሞ ካቲያን ወደሚባለው የባለይዞታ ገጽ ይመራሻል። የካቲያኑ ቅጂ ፖርቻ ይባላል። በምዕራብ ቤንጋል ይህን የሚይዘው የወረዳው የመሬትና የመሬት ማሻሻያ ቢሮ ነው። የዛሬውን መዝገብ ባንግላርቡሚ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ከዴልሂ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ። የድሮውን ግን ማልዳ ባለው የአውራጃው መዝገብ ቤት ሄደሽ መጠየቅ አለብሽ።

አንድ ወጥመድ አለ። የሲ.ኤስ. ቁጥርና የዛሬው ቁጥር አይገጥሙም። የድሮው ዳግ ሳቤክ፣ የአሁኑ ሃል ይባላል። ሁለቱን የሚያገናኝ ማጣቀሻ ሳትይዢ የ1930ዎቹን ወረቀት ከዛሬው ካርታ ጋር ካነጻጸርሽ የጎረቤት ማሳ ላይ ነው የምትወድቂው። በመሃል ብዙ ነገር ተቀይሯል። የ1953ቱ ሕግ ዛሚንዳሮችን አስወገደ። ከ1955 ጀምሮ ርስቶቻቸው ወደ መንግሥት ዞሩ። መዝገቡም በአዲስ መልክ ተጻፈ።

ሌላ ደግሞ ከሥራ ያገኘሁት ልማድ አለኝ። ፖርቻ ሲሰጠኝ የሰው ስም ያለበትን ዓምድ መጨረሻ ነው የማየው። መጀመሪያ የማየው የመሬቱን ዓይነት ነው። ባስቱ ካለ መኖሪያ ነው፣ ባጋን ካለ የፍሬ ዛፍ (ማልዳ ላይ ይህ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ማንጎ ነው)፣ ፑኩር ወይም ዲጊ ካለ ኩሬ። ደርጋህ ካለ የሙስሊም ቅዱስ ሰው መቃብር፣ ካባርስታን ካለ የሙስሊሞች መቃብር ቦታ፣ መስጊድ ካለም ያው እንደስሙ ነው። ጋውር ሱልጣኖቹ ባስቆፈሯቸው ትልልቅ ኩሬዎች የተሞላች ናት። ግንብ ይፈርሳል፣ ጡቡም ይሸጣል፤ ኩሬ ግን ማንም ተሸክሞ አይወስደውም። የድሮ ከተማዋ ቅርጽ ቶሎ የሚወጣልሽ በአንድ ሞውዛ ውስጥ ያሉትን ዲጊዎች ሁሉ በቀለም ስትለዪ ነው። ዓምዱ ካለቀ በኋላ የአስተያየት ቦታውንም አንብቢ። «በኃይል የያዘው»፣ «ለሕዝብ መጠቀሚያ» የሚሉ ማስታወሻዎች ያሉት እዚያ ነው።

ዛሬ የማን ነው ላልሽው፦ የመንግሥት የሆነ መሬት ካቲያን ቁጥር 1 ውስጥ፣ በአውራጃው ኮሌክተር (የአውራጃው አስተዳዳሪ) ስም ይገባል። ሚናሩ ራሱ በሕንድ የአርኪዮሎጂ ተቋም ጥበቃ ሥር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ጥበቃና ባለቤትነት አንድ አይደሉም። በ1958ቱ የጥንታዊ ሐውልቶች ሕግ መሠረት አንድ ሐውልት የተጠበቀ ሆኖ መሬቱ የግል ወይም የወቅፍ (የሙስሊሞች የሃይማኖት ርስት) ሊሆን ይችላል። በ2010 በመጣው ማሻሻያ ደግሞ በሐውልቱ ዙሪያ 100 ሜትር ግንባታ ተከልክሏል። ከዚያ ውጪ ያለው 200 ሜትር በፈቃድ ነው። ይህ ለባለ ማንጎው ገበሬ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ የእሱ ነው፣ ቤት ግን መሥራት አይችልም። ጋውር ውስጥ ያሉ ሰዎችን ስታናግሪ ስለ ንጉሥ ከመጠየቅሽ በፊት ስለዚህ ጠይቂያቸው። ወሬው ራሱ ይመጣልሻል።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ለሐበሾቹ ዘመን ከጋውር የተሻለ ፍንጭ ያለው ፓንዱዋ ነው። እዚያው ማልዳ አውራጃ ውስጥ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። ከቤንጋል ታላላቅ ሱፊዎች አንዱ የሆነው ኑር ቁጥብ አላም የተቀበረው እዚያ ነው። በዚያ ደርጋህ በሙዛፈር ሻህ ዘመን፣ በ898 ሒጅራ፣ ለሱፊዎች ሕንፃ መሠራቱን የሚናገር የዓረብኛ ጽሑፍ አለ። 898 ማለት ከ1492 መጨረሻ እስከ 1493 ነው፤ የመጨረሻው ሐበሻ ንጉሥ የመጨረሻ ወራት።

ታዲያ ይህ ከመሬት ጋር ምን ያገናኘዋል? ፓንዱዋ ሁለት ታዋቂ የወቅፍ ርስቶች አሏት። አንዱ ባይስ ሃዛሪ ይባላል፣ የሌላው ሱፊ የሻህ ጃላሉዲን ታብሪዚ ነው። ሌላው ሻሽ ሃዛሪ፣ የኑር ቁጥብ አላም ነው። ስማቸው ከስፋታቸው የመጣ ነው ይባላል፤ 22,000 ቢጋና 6,000 ቢጋ (ቢጋ የመሬት ስፋት መለኪያ ነው)። እንዲህ ያለ ርስት ግብር አይከፍልም ነበር። እንግሊዞች በተለይ ከ1819 እና ከ1828 ደንቦች በኋላ ግብር የማይከፍለውን መሬት ሁሉ «ማስረጃህን አምጣ» እያሉ መረመሩ። ያላመጣ ግብር ተጣለበት። በዚህ ምክንያት ደርጋዎችና ቤተ መቅደሶች በሣጥን የያዙትን የድሮ የፋርስኛ ሰነድ ሁሉ አወጡ። ለተመራማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። የሲ.ኤስ. ቅየሳ ያልደረሰበትን ዘመን የሚሸፍንልሽ ይህ የምርመራ ፋይል ነው።

ቶሎ እንዳትደሰቺ ግን። ለኑር ቁጥብ አላም ደርጋህ መንደሮች ሰጠ ብለው ዜና መዋዕሎቹ የሚያወሩት ሐበሾቹን ያባረረውን ሁሴን ሻህን ነው። ሙዛፈር ሻህ ሕንፃ ማሠራቱን ድንጋዩ ይናገራል፤ መሬት ሰጠ ግን አይልም። ሁለቱን አታቀላቅዪ። ዛሬ እነዚህን ርስቶች የሚመለከተው የምዕራብ ቤንጋል የወቅፍ ቦርድ ነው። የወቅፍ ሕጉ በ2025 ተሻሽሎ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለደረሰ፣ አሁን ስለ ወቅፍ መሬት የሚጠይቅ እንግዳ በጥርጣሬ ሊታይ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘሽ፣ መጀመሪያ የደርጋውን አስተዳዳሪ፣ ሙታዋሊውን ሰላም ብለሽ ግቢ።

ሂንዲ ተናጋሪ ክልሎች ወዳልሽው የምንሻገረውም ከዚሁ ከማልዳ ተነሥተን ነው። ማልዳ እንደ አውራጃ የተቋቋመችው በ1813 ነው። የተቆረሰችው ከሦስት አውራጃዎች ነው፤ ከፑርኒያ፣ ከዲናጅፑርና ከራጅሻሂ። ስለዚህ ከ1813 በፊት ያለ የማልዳ ወረቀት ማልዳ ላይገኝ ይችላል። ራጅሻሂ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ ነች። ዲናጅፑርን ድንበሩ ለሁለት ከፍሏታል። ፑርኒያ ደግሞ ቢሃር ውስጥ ነች፣ ሂንዲ አገር።

ቢሃር ውስጥ ነገሩ ይመሳሰላል፣ ምክንያቱም ቋሚው የግብር ሥርዓት እዚያም ነበር። ቁራሹ ኬስራ ይባላል፣ ገጹ ካቲያን፣ የግብር ከፋዩ ዝርዝር ጃማባንዲ። ችግሩ ፊደሉ ነው። የድሮ ካቲያኖች ብዙዎቹ ካይቲ በሚባል ፊደል ነው የተጻፉት። ዛሬ ሂንዲ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው ካይቲ ፊት ላይ ሲቀርብ ይቆማል። ቢሃር አሁን እንደ አዲስ መሬቷን እየቀየሰች ስለሆነ ካይቲ የሚያነቡ ጥቂት አዛውንቶች ተፈላጊ ሆነዋል። ሂንዲሽን እየተማርሽ ከሆነ ካይቲን ጨምሪበት። ፊደሉ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ የጸሐፊው እጅ ነው።

ኡታር ፕራዴሽ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ቋሚው ሥርዓት የነበረው ባናራስ አካባቢ ነው። አብዛኛው ክፍል ግን በመንደር ደረጃ ነበር የሚገበረው። ስለዚህ ፓትዋሪ የሚባል የመንደር መዝገብ ያዥ ከጥንት ነበር፤ ዛሬ ሌክፓል ይባላል። ካስራው ቁራሹን፣ ካታውኒው ባለይዞታውን፣ ሻጅራው ካርታውን ይይዛል። መሠረት ተደርጎ የሚወሰደው በፋስሊ፣ በግብር መዝገብ የዓመት አቆጣጠር፣ የ1359 ካታውኒ ነው፤ 1951–52 ማለት ነው፣ ዛሚንዳሪ ከመቅረቱ በፊት ያለው ዓመት። ፋስሊው ላይ 592 ወይም 593 ደምሪ። የቤንጋሊው ዘመን ላይም እንዲሁ 593 ወይም 594። እኛ ሰባትና ስምንት ስንደምርና ስንቀንስ ለኖርን ሰዎች ይህ ምንም አይደለም።

ስፋት ላይ ግን ተጠንቀቂ። የቤንጋል ቢጋ የኤከር ሲሶ ገደማ ነው፤ 14,400 ስኩዌር ጫማ። ኡታር ፕራዴሽ ፑካ ቢጋ የሚሉት የኤከር 5/8 ነው። ቢሃር ውስጥ ደግሞ መለኪያው ዘንግ ከአውራጃ አውራጃ ስለሚለያይ ቢጋውም ይለያያል። ቢጋ የሚል ቁጥር ባየሽ ቁጥር «የት አገር ቢጋ?» በዪ።

ለአንቺ የሚጠቅምሽ ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። በሰሜን ሕንድ የመንደር ካርታ ላይ ሰው የሚኖርበት ክፍል፣ አባዲ የሚሉት፣ እንዳለ አንድ ቁጥር ተሰጥቶት ውስጡ ባዶ ይተዋል። ግብር የሚከፈለው በእርሻ ስለነበር ቤት የሚለካበት ምክንያት አልነበረም። በ2020 ስዋሚትዋ የተባለው መርሃ ግብር አባዲዎችን በድሮን መለካት የጀመረው ለዚህ ነው። ቤንጋል ላይ ያለ የፈረሰ መስጊድ የራሱ ዳግ ሊኖረው ይችላል። ኡታር ፕራዴሽ አባዲ ውስጥ ያለ ግን መዝገቡ ላይ የማይታይበት ዕድል ሰፊ ነው።

አንቺ ካለሽበት ዴልሂ ውስጥም አንድ ቦታ አለ። አሮጌው ዴልሂ፣ የቅመማ ቅመም ገበያው ካሪ ባዎሊ አጠገብ፣ ፋታክ ሐበሽ ካን የሚባል ሰፈር አለ። በሙጋሎች ዘመን በነበረ ሐበሻ ባለሥልጣን ማዕረግ ነው የሚጠራው። እዚያ ካስራ ብትፈልጊ ትደክሚያለሽ። ከተማ ነው፤ መፈለግ ያለብሽ የማዘጋጃ ቤቱን የቤት ግብር፣ የሬጅስትራር የሽያጭ ውሎችን እና የፍርድ ቤት መዝገቦችን ነው። በቅርብሽ ስላለ ልምምድሽን እዚያ ጀምሪ። ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ ያለችውን ጃውንፑርንም ይነግሩሽ ይሆናል። እዚያ የነበረው የሻርቂ መንግሥት መሥራች ማሊክ ሳርዋር ሐበሻ ነበር የሚሉ አሉ። ክርክሩ ገና ነው፤ እኔ አልገባበትም።

የቦታ ስም ላይም ልብ በዪ። «ፊሮዝ» ያለ ሁሉ የእኛ ሰው አይደለም። ፓንዱዋ ራሷ ሳንቲም ላይ ፊሩዛባድ ትባል ነበር፤ ከማሊክ አንዲል ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ። አግራ አጠገብ ሌላ ፊሮዛባድ አለ፣ ፑንጃብ ውስጥ ፊሮዝፑር አለ። ድንበሩን ተሻግረሽ ባንግላዴሽ ውስጥ ቾቶ ሶና መስጊድ ያለበት ሰፈርም ፊሮዝፑር ነው። ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጽሑፍ ወይም ሳንቲም ይደግፈው።

ድንበሩን ካነሳን፣ ጋውርን ለሁለት የሰነጠቃት እሱ ነው። ኦገስት 17፣ 1947 ሕንድንና ፓኪስታንን የለየው የራድክሊፍ መስመር ይፋ ሲሆን ከማልዳ አምስት የፖሊስ ጣቢያ ክልሎች ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን፣ ወደ ዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ሄዱ። ኮትዋሊ ዳርዋዛ የሚባለው የጥንቷ ከተማ በር ድንበሩ ላይ ቀረ። ስለዚህ የደቡቡ ጋውር መዝገብ ሺብጋንጅ ባለው የባንግላዴሽ የመሬት ቢሮ እና ቻፓይ ናዋብጋንጅ ባለው መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ካቲያን ስትጠይቂ የትኛው ቅየሳ ይሉሻል። ሲ.ኤስ. የእንግሊዞቹ፣ ኤስ.ኤ. የ1950ው ሕግ ተከትሎ የመጣው፣ ከዚያ አር.ኤስ.፣ ከዚያ ቢ.ኤስ.። ለአንቺ ሲ.ኤስ. ይበቃል።

ወረቀቱ በእጅሽ ሲገባ ከሚገባው በላይ እንዳታናግሪው። በሕንድ ካቲያን የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ማን እንደያዘና ማን እንደሚገብር ያሳያል፤ ተቃራኒ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ እውነት ተብሎ ይወሰዳል። ስም ማዛወርም እንዲሁ ለግብር ነው። ፍርድ ቤቶቹ ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። ስለዚህ «መሬቱ የእገሌ ነው» ከምትዪ «በዚህ ዓመት መዝገብ በእገሌ ስም ሰፍሯል» ብለሽ ጻፊ።

አሁን ተግባሩ። ከዴልሂ ሳትነሺ የማልዳን የ1928–1935 የቅየሳ ሪፖርት ከቤተ መጻሕፍት ፈልጊ፤ ስለ አውራጃው የመሬት አያያዝ ከማንም በላይ የሚነግርሽ እሱ ነው። ሞውዛውን ለማግኘት የሚናሩን የጂ.ፒ.ኤስ. ነጥብ ይዘሽ ቢሮው ውስጥ ካለው ካርታ ጋር አስተያዪ። አሚን የሚባል ቀያሽ ሻይ ጋብዘሽ ብትጠይቂው በደቂቃ ያሳይሻል። የመረጃ ነፃነት ሕጉ የ2005 ነው፣ ግን ለሕንድ ዜጎች ብቻ ነው። ማመልከቻውን የክፍልሽ ልጅ በስሙ ያስገባልሽ። ቢሮው በር ላይ ሙሁሪ የሚባሉ ራፖር ጸሐፊዎች አሉ፤ ቅጹን በቤንጋሊ የሚሞሉልሽ እነሱ ናቸው። ዋጋውን አስቀድመሽ ተነጋገሪ።

ከኮልካታ በባቡር ማልዳ ታውን ትወርጃለሽ። በብርድ ወራቸው፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ሂጂ፤ በዝናቡ ወራት ማሳው ውኃ ነው፣ በኤፕሪል ደግሞ ሙቀቱ አያስቆምም። ማሃዲፑር ወደሚባለው የድንበር መውጫ ስትጠጊ ፓስፖርትሽና የዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ ከእጅሽ አይለዩ፤ ኮትዋሊ ዳርዋዛን ፎቶ ከማንሳትሽ በፊትም ወታደሮቹን አስፈቅጂ። ወደ ባንግላዴሹ ወገን ለመሻገር ሌላ ቪዛ ያስፈልግሻል፤ የሕንዱ ቪዛሽም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።